ሦስት ዙር ስንት ያወጣል?

በገበያ ገጽ ላይ የቡጢ ወሬ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። በዚህ ዓምድ የለመድነው የቡና ጨረታ፣ የዶላር ምንዛሪ፣ የጤፍና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ይሁንና የዓለም ሻምፒዮንነትን የሚያሳድድ ፕሮፌሽናል ቡጢኛ ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴ መሆኑ ይዘነጋል። ሸቀጡ የገዛ ገላው ነው። መጋዘን አስገብቶ ዋጋ እስኪወጣ ሊያቆየው አይችልም፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ከተበላሸም መለዋወጫ የለውም። እንዲህ ያለ ሸቀጥ ይዞ ለድርድር ከሚቀርብ ሰው የምንማረው ነገር አለ ብዬ ስለማምን የዛሬውን ዓምድ ለአንድ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ማርቪን ሀግለር ይባላል። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

የቡጢ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሣል። ኤፕሪል 6 ቀን 1987 ላስ ቬጋስ በሚገኘው ሲዛርስ ፓላስ ሆቴል ሀግለር ከሹገር ሬይ ሌናርድ ጋር 12 ዙር ተፋለመ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለሌናርድ ፈረዱ፣ አንዱ ለሀግለር። ሀግለርም ስድስት ዓመት ተኩል ያስከበረውን የመካከለኛ ክብደት የዓለም ሻምፒዮንነት በዚያች ሌሊት አጣ። ገሚሱ "ተዘረፈ" ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ "የለም፣ ተበልጧል" ይላል። ሁለቱም ወገን ፊልሙን እያጠነጠነ ነጥብ ሲቆጥር ይኸው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆነው። ይህ ጸሐፊ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ሀግለር አልተዘረፈም፣ ሸጠ ባይ ነኝ። ሽያጩም የተፈጸመው ሪንግ ውስጥ ሳይሆን ከወራት በፊት በድርድር ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን እንደሸጠና ለምን እንደሸጠ ለመረዳት ግን ነገሩን ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ሀግለር የተወለደው በ1954 ኒው ጀርሲ ውስጥ በምትገኘው ኒዋርክ ነው። በ1967 በከተማይቱ የተነሣው ሁከት ብዙ ሕይወትና ንብረት አጥፍቶ ካለፈ በኋላ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ብሮክተን ሄደች። ብሮክተን በጫማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች፣ የከባድ ሚዛኑን ሻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖን ያፈራች ከተማ ነች። እዚያ ፓትና ጉዲ ፔትሮኔሊ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ቀን በግንባታ ሥራ ይተዳደራሉ፣ ማታ የቡጢ ማሠልጠኛ ያሠራሉ። ሀግለር ቀን ከእነሱ ጋር በጉልበት ሥራ እየዋለ፣ ማታ እነሱ ዘንድ እየተለማመደ አደገ። በ1973 በአሜሪካ የአማተሮች ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈና በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፕሮፌሽናል ሆነ። ለመጀመሪያው ግጥሚያ የተከፈለው 50 ዶላር ነበር።

ይህችን 50 ዶላር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የወረፋ ዓመታት ናቸው። ሀግለር ያሸንፋል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በ1976 የመካከለኛ ክብደት ጠንካሮች መንደር ወደነበረችው ፊላዴልፊያ ሄዶ በሁለት ወር ልዩነት ለሁለት የአገሬው ልጆች በነጥብ ተሸነፈ። ቦቢ ዋትስና ዊሊ ሞንሮ ይባላሉ። ሰው ሜዳ ሄዶ መጋጠም የሚያስከትለው ኪሣራ የታወቀ ነው፤ ግን እሱ ሜዳ የሚመጣለት ስላልነበረ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ኋላ ሁለቱንም ፈልጎ አግኝቶ በዝረራ መልሷቸዋል። ያም ሆኖ ለሻምፒዮንነት የሚጠራው አልተገኘም።

ለምን? ነገሩ ስፖርት ሳይሆን ሂሳብ ነው። ሻምፒዮን ማለት ቀበቶውን እንደ ንግድ ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። ፈቃዱ በእጁ እስካለ ድረስ ይሠራል፣ ይከፈለዋል። ተጋጣሚ ሲመርጥ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ይህ ሰው ስንት ገንዘብ ያመጣልኛል? ፈቃዴንስ የመንጠቅ ዕድሉ ስንት ነው? ስሙ የገነነና ጉልበቱ የደከመ ተጋጣሚ ከተገኘ እሰየው ነው። ሀግለር የዚህ ግልባጭ ነበር። ጭንቅላቱን ተላጭቶ ፊቱን ከስክሶ የሚመጣ፣ ቲኬት የማይሸጥ፣ በዚያ ላይ በቀኝም በግራም የሚመታ ግራኝ። ቢያሸንፉት ማንም አያጨበጭብም፣ ቢሸነፉለት ሁሉም ነገር ይቀራል። የቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጆ ፍሬዘር ሦስት ነገር እንደሚጎዳው ለሀግለር ነግሮት ነበር ይባላል፤ ጥቁር መሆኑ፣ ግራኝ መሆኑና ጎበዝ መሆኑ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። በጥሩ ጥራቱ ምክንያት ገዢ የሚሸሸው ሸቀጥ በሌላ ገበያ አይገኝም።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንሻገር። ሹገር ሬይ ሌናርድ ከሀግለር በሁለት ዓመት ያንሳል፤ እሱም ከደኻ ቤት የወጣ ነው። ልዩነቱ ወደ ገበያው የገባበት በር ነው። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ያንን ኦሊምፒክ እኛ የምናስታውሰው በሌላ ነው። ኒው ዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ በመጫወቷ የአፍሪካ አገሮች ራሳቸውን ያገለሉበት፣ ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ የተመለሰበት ዓመት ነው። በአሜሪካ ግን የዚያ ክረምት ጀግና በቴሌቪዥን በየቤቱ ፈገግ ሲል የታየው ይህ ልጅ ነበር። ቡጢ በቃኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብሎ ነበር። አባትና እናቱ ሲታመሙበት ግን ሐሳቡን ለወጠ።

እዚህ ላይ ነው የገበያው ገጽ ጉዳይ የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ ፕሮሞተሮች ዶላር ይዘው ይመጣሉ። ጠቀም ያለ ቅድሚያ ይከፍሉና የብዙ ዓመት ውል ያስፈርማሉ። ልጁ ያን ቀን ሀብታም የሆነ ይመስለዋል፤ የተሸጠ መሆኑን የሚያውቀው ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ሌናርድ ግን ማይክ ትሬይነር የሚባል ጠበቃ አገኘ። ትሬይነር ስለ ቡጢ እምብዛም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ምናልባት የጠቀመውም ይኸው ነው። ከወዳጆቹና ከደንበኞቹ ከሃያ በላይ የሚሆኑ ሰዎችን አሰባስቦ 21 ሺህ ዶላር አዋጡ። ነገሩ የእኛን ዕቁብ ይመስላል፣ ግን ዕቁብ አይደለም፤ ብድር ነው። በአራት ዓመት የሚመለስ፣ 8 በመቶ ወለድ ያለው ብድር። ከቡጢው ገቢ ድርሻ የሚል ቃል የለበትም። በሌናርድ ስም ኩባንያ ተቋቋመ፣ የአክሲዮኑም ብቸኛ ባለቤት ሌናርድ ራሱ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1977 ባልቲሞር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋጠም ወደ 40 ሺህ ዶላር አገኘ። ከዚያች ገቢ ዕዳው ሁሉ ሊከፈል ቻለ። ከዚያ ወዲያ ፕሮሞተሩ ለሌናርድ እንደ ሥራ ተቋራጭ ነው። ይመጣል፣ ዋጋ ያቀርባል፣ ካልተስማማ ሌላ ይመጣል።

50 ዶላርና 40 ሺህ ዶላር። የችሎታ ልዩነት ነው እንዳይባል፣ ሀግለርም ብሔራዊ ሻምፒዮን ነበር። ልዩነቱ ሞንትሪያልና ቴሌቪዥኑ፣ ደግሞም የጠበቃው ወረቀት ነው።

ሁለቱ ሰዎች ሳይገናኙ የተገናኙበት አንድ ምሽት አለ። ኖቬምበር 30 ቀን 1979፣ እዚያው ሲዛርስ ፓላስ። ሀግለር ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቆ በመጨረሻ የዓለም ሻምፒዮንነት ዕድል አገኘ። ዕድሉም ቢሆን በጡንቻ ብቻ የተገኘ አልነበረም። የማሳቹሴትስ ፖለቲከኞች፣ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔው ቲፕ ኦኒልና ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ፣ ይህ ሰው ለምን እንደሚዘለል ፕሮሞተሮቹን በደብዳቤ ጠይቀው እንደነበር ይታወሳል። ለአንድ ቡጢኛ ተራ ለማስጠበቅ ኮንግረስ መነሣቱ የገበያውን ጤንነት ያሳያል። ተጋጣሚው ጣሊያን ተወላጁ ቪቶ አንቱኦፌርሞ ነበር። 15 ዙር ተፋለሙ። በርካታ ተመልካቾች ሀግለር አሸነፈ ሲሉ ዳኞቹ አቻ አሉ። በአቻ ውጤት ቀበቶው ከባለቤቱ አይወጣም። ለሀግለር 50ኛው ግጥሚያ ነበር። እንደተጻፈው ከሆነ የተከፈለው 40 ሺህ ዶላር ነው፤ ሌናርድ በመጀመሪያው ቀን ያገኘውን ማለት ነው። በዚያኑ ምሽት፣ በዚያው ሪንግ፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌናርድ ዊልፍሬድ ቤኒቴዝን አሸንፎ የዌልተር ክብደትን ቀበቶ ወሰደ። የሌናርድ ክፍያ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

አንድ ሰው ልብሱን ለብሶ ከአዳራሹ ሲወጣ በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

አንቱኦፌርሞ ቀበቶውን ለእንግሊዛዊው አለን ሚንተር አስረከበ። ሀግለር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1980 ለንደን ዌምብሌይ ሄደ። በዚህኛው ግጥሚያ ለዳኛ ምንም አላስቀረም፤ በሦስተኛው ዙር የሚንተር ፊት ደም በደም ሆኖ ግጥሚያው ቆመ። ሀግለር ሻምፒዮን ሆነ። የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ጠርሙስና የቢራ ቆርቆሮ ወረወረበት፤ ሰባት ዓመት ያሳደደውን ቀበቶ ሪንግ ላይ ሳይታጠቅ በፖሊስ ተከልሎ ሮጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። 12 ጊዜ አስከበረ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉንም በዝረራ ወይም በዳኛ ማስቆም። የሦስቱን ድርጅቶች ቀበቶ አንድ ላይ ያዘ። ኤፕሪል 1985 ከቶማስ ሄርንስ ጋር ያደረገው ሦስት ዙር ያልሞላ ፍልሚያ እስከ ዛሬ እንደ ትንግርት ይታያል። የቴሌቪዥን ጣቢያ "ድንቁ" የሚለውን ቅጽል አንጠራም ስላለው በ1982 ፍርድ ቤት ሄዶ ሕጋዊ ስሙን "ማርቨለስ ማርቪን ሀግለር" አስደረገ። የንግድ ስም ምዝገባ ማለት ይህ ነው፤ ከእሱ የገበያ ሥራዎች ሁሉ እኔን የሚያስቀኝና የሚያስደስተኝ ይኸኛው ነው።

ያ አንዱ በዝረራ ያልተጠናቀቀው ግጥሚያ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ኖቬምበር 1983 ከፓናማዊው ሮቤርቶ ዱራን ጋር የተደረገ ነው። ዱራን ከቀላል ክብደት ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ፣ ብልጥና አስቸጋሪ ሰው ነበር። 13 ዙር ሲያልቅ በሁለት ዳኞች ወረቀት ላይ ዱራን በአንድ ነጥብ ይመራል፣ በሦስተኛው ዳኛ እኩል ናቸው። ግጥሚያው እዚያ ቢያበቃ ሀግለር ሻምፒዮንነቱን አጥቶ ነበር። አላበቃም። ሀግለር 14ኛውንና 15ኛውን ዙር ወሰደና በጠባብ ነጥብ አሸነፈ። አንባቢ ይህችን ከ50 ዶላሯ ጋር አብሮ ያስቀምጥልኝ።

በነዚህ ዓመታት ሌናርድ የት ነበር? በ1982 የዓይኑ ሬቲና ተላቅቆ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ባልቲሞር ላይ ትልቅ ድግስ ደገሰ። ሀግለርንም ጠራው። በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ከሀግለር ጋር ቢጋጠሙ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚሆን ተናገረና፣ ያ ግን አይሆንም፣ ቡጢ አቁሜያለሁ አለ። ሀግለር እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ለገበያ ሰው ይህ ተራ የስንብት ንግግር አይደለም። የማይሸጥ ዕቃ ማስታወቂያ ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ ደግሞ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። በ1984 ሌናርድ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ኬቨን ሃዋርድን አሸነፈ፣ ግን አንድ ጊዜ ወድቆ ስለነበር ደስ አላለውምና እንደገና አቆምኩ አለ።

ማርች 1986 ሀግለር ከኡጋንዳዊው ጆን ሙጋቢ ጋር ገጠመ። ሙጋቢ በሞስኮ ኦሊምፒክ ብር የወሰደ፣ ከዚያ በፊት ያገኛቸውን ፕሮፌሽናሎች በሙሉ በዝረራ የጣለ ኃይለኛ ነበር። ሀግለር በ11ኛው ዙር ጣለው። ከሪንጉ አጠገብ ተቀምጦ የሚመለከት አንድ ሰው ግን ያየው ድሉን አልነበረም። ሌናርድ ያየው የቀድሞው ሀግለር የሚስተውን ምት ሁሉ እየተቀበለ የሚያሸንፍ፣ እግሩ የከበደ የ31 ዓመት ሰው ነው። ዋጋው ሲወርድ ጠብቆ የሚገዛ ነጋዴ እንዲህ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጋጠማለሁ አለ።

ድርድሩ እነሆ። ሀግለር ሻምፒዮን ነኝና ከሌናርድ በላይ ይከፈለኝ አለ። ተገቢ ነው። ሌናርድ እሺ አለ። ለሀግለር 12 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ተሰጠው፣ ከገቢው ድርሻም ስላለው በመጨረሻ ከዚያ በላይ አግኝቷል። ሌናርድ የተቆረጠ 11 ሚሊዮን ተቀበለ። በልዋጩ ሌናርድ ሦስት ነገር ጠየቀ፤ ግጥሚያው 15 ዙር መሆኑ ቀርቶ 12 ዙር ይሁን፤ ሪንጉ 20 ጫማ ስፋት ያለው ይሁን፤ ጓንቱም ወፈር ያለው 10 አውንስ ይሁን። ሀግለር እሺ አለ።

እስቲ ሦስቱን ነገሮች ዋጋ እናውጣላቸው። ሰፊ ሪንግ ለሚሸሽ ሰው መሮጫ ነው፤ ለሚያሳድድ ሰው ተጨማሪ ድካም ነው። ወፍራም ጓንት ለሚነካካ ሰው ምንም አይቀንስበትም፤ ለሚደቁስ ሰው ግን ጡጫውን በትራስ እንደመጠቅለል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዙሩ ነው። ሌናርድ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጋጠመ ሰው ነው። የሚያጥረው ሸቀጥ ትንፋሽ ነው። ሀግለር ደግሞ የተረፈው ሸቀጥ ትንፋሽ ነው፤ በዱራን ጊዜ ያዳኑት ከ12ኛው በኋላ ያሉት ዙሮች ነበሩ። በ1986ቱ ጠረጴዛ ላይ የሰጠው እነዚያኑ ነው። 13ኛውን፣ 14ኛውንና 15ኛውን።

እርግጥ ነው፣ ዙር መቀነስ የሌናርድ ፈጠራ አልነበረም። ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በ1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር 14 ዙር ተጋጥሞ ከሞተ በኋላ የዓለም ቡጢ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያዎቹን ወደ 12 ዙር አውርዶ ነበር፤ በጎ እርምጃም ነው። ለሀግለርና ለሌናርድ ግጥሚያም የቀረበው ቀበቶ የዚሁ ድርጅት ብቻ ነበር። ሌላው ድርጅት፣ የዓለም ቡጢ ማኅበር፣ በተራው የተመደበልህን ተጋጣሚ ትተህ ሌናርድን መረጥህ ብሎ ቀበቶውን ቀድሞ ነጥቆታል። ለሰባት ዓመት ተራ የነፈጉት ሰዎች አሁን ተራ አላከበርህም አሉት። ሀግለር በጉዳዩ ብዙ የተጨነቀ አይመስልም፤ በዚያን ጊዜ ገበያው የሚከፍለው ለቀበቶ ሳይሆን ለሌናርድ ስም መሆኑን ያውቃል።

ግጥሚያው እንዴት እንደሄደ ብዙዎች ያውቁታል። ሀግለር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ግራኝነቱን ትቶ እንደ ቀኛማ ቆመ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ብዙ ይባላል፤ ለእኔ ግን ከቀረው 12 ላይ በገዛ እጁ ሁለት ሦስት ዙር መቀነስ ነበር። ሌናርድ ይሸሻል፣ ያቅፋል፣ ዙሩ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ደግሞ እጁን ያርከፈክፋል። ዳኛ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው፤ ገዢ ቀርቦ ሊያይ ሲል ከላይ ያለውን ብርቱካን የሚወለውል ቸርቻሪ ይህን ዘዴ ሳያስተምሩት ያውቀዋል። ከመካከለኛው ዙር በኋላ ሀግለር ወደ ራሱ ተመለሰ፣ ሌናርድም ደከመ። ደወሉ ሲደወል የሌናርድ እግር እየከዳው ነበር። ሉ ፊሊፖ 115 ለ113 ለሀግለር ሰጠ። ዴቭ ሞሬቲ በዚያው 115 ለ113 ለሌናርድ። ሦስተኛው ዳኛ ጆጆ ጌራ 118 ለ110 ለሌናርድ አለ፤ ይህኛው ወረቀት አስነዋሪ ነው፣ ማንም ሊከላከልለት የሚችል አይመስለኝም። ግን ጌራ ባይኖርና በምትኩ ልከኛ ዳኛ ቢቀመጥ እንኳ ነገሩ የአንድ ዙር ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ሀግለር በ1979 እዚያው ከተማ፣ እዚያው ሆቴል ዳኛ ምን እንደሚያደርግ አይቶ ነበር። እያወቀ ለዳኛ የሚተርፈውን ክፍል አሰፋ፣ ለራሱ የሚተርፈውን ሦስት ዙር አስወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የሚለኝን ላንሣ። "ሰውየው እኮ 12 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ አንተ ነህ ስለ እሱ የምታዝነው?" ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሀግለር ሂሳብ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከፔትሮኔሊዎች ጋር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሳይለያይ ሠርቷል፤ በዚህ ገበያ ውስጥ ቡጢኛና ማናጀር እንዲህ ሲዘልቁ ብዙ አይታይም። ገንዘቡንም አልበተነም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ሁኔታውን ሰጥቶ ቁጥሩን ወሰደ?

መልሱ 50 ዶላሯ ዘንድ ያለች ይመስለኛል። ለዓመታት ለእሱ ከሌናርድ ያነሰ ነበር የሚከፈለው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሪንግ እሱ 40 ሺህ፣ ያኛው 1 ሚሊዮን። በዚህ ያለፈ ሰው "ከሌናርድ በላይ" የሚል ወረቀት ሲቀርብለት የሚያየው የወደፊቱን ግጥሚያ ሳይሆን ያለፈውን ዕዳ ነው። ዕዳውን አስከፈለ። ሌናርድ ግን በ21 ሺህ ብድር ራሱን ከገዛ ጀምሮ በገንዘብ ማንም አዋርዶት ስለማያውቅ፣ በአንድ ሚሊዮን ማነስ አልተቆጨም፤ ክብሩን በቁጥሩ ላይ አላስቀመጠውም። ስለዚህ ቁጥሩን በርካሽ ለቀቀ፣ ዙሩን በርካሽ ገዛ። ረዥም ወረፋ የቆመ ሰው ተራው ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የመጫኛ ቀኑን፣ የመመዘኛውን ዓይነት፣ ጭነቱ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል አይጠይቅም። ይህንን ከኤክስፖርት ነጋዴዎቻችን ጋር የተቀመጠ ሁሉ አይቶታል፤ በዶላሩ ከፍ ብሎ በውሉ ዝርዝር የተበላ ስንት አለ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ሌናርድን ፍጹም ነጋዴ፣ ሀግለርን ተላላ አድርጌ ማለፌ ነው፤ ያ ደግሞ እውነት አይሆንም። ከግጥሚያው በኋላ ሀግለር እንደገና ካልተጋጠምን ብሎ አንድ ዓመት ያህል ጠበቀ። ሌናርድ ዝም አለ። በ1988 ሀግለር ቡጢ አቁሜያለሁ ብሎ ወደ ኢጣሊያ ሄደ፤ ሚላን ተቀመጠ፣ ፊልም ላይ ተዋናይ ሆነ። ሌናርድ በዚያው ዓመት ዶኒ ላሎንዴ የሚባለውን የከባድ መለስተኛ ሻምፒዮን ወደ እሱ ክብደት አውርዶ በአንድ ምሽት ሁለት ቀበቶ ወሰደ፤ ይህም የውል ጥበብ ነው። በ1990 ሌናርድ በመጨረሻ የመልስ ግጥሚያ ለሀግለር አቀረበ። ቀረበ የተባለው ገንዘብ 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ1987ቱ ዋስትና በሦስት ሚሊዮን ይበልጣል።

ሀግለር አልፈልግም አለ።

እንደ እኔ ከሆነ ከ50 ዶላር ጀምሮ ካደረጋቸው ድርድሮች ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። የሚሸጠው ዕቃ ማለቁን ያወቀ ሻጭ ነው። ሌናርድ ይህን አላወቀም፣ ወይም አልፈለገም። በፌብሩዋሪ 1991 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ወጣቱ ቴሪ ኖሪስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ክፉኛ ቀጠቀጠው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ማርች 1997፣ የ40 ዓመት ሰው ሆኖ አትላንቲክ ሲቲ ላይ ከሄክተር ካማቾ ጋር እንደገና ወጣ። ውሉ 12 ዙር ይላል። በአምስተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው።

ሀግለር በ2021 በማርች ወር፣ በ66 ዓመቱ አረፈ። ቡጢ ካቆመበት ቀን ጀምሮ አንድም ዙር አልተጋጠመም።